ከፖርት አርተር በፊትና በኋላ፦ የአውስትራሊያ የጠመንጃ ሕግ

በዲሴምበር 1987 የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥትና የክፍለ ግዛቶቹ መሪዎች ስለ ጠመንጃ ሊመክሩ ተሰበሰቡ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያሰባሰባቸው ሜልቦርን ከተማ በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያየችው እልቂት ነበር። ኦገስት 9 ቀን ሆድል ስትሪት በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር ያደፈጠ አንድ ወጣት በአላፊ አግዳሚው ላይ ተኩሶ ሰባት ሰው ገደለ። ዲሴምበር 8 ቀን ደግሞ ሌላ ወጣት ኩዊን ስትሪት ላይ ወደሚገኝ የቢሮ ሕንፃ ገብቶ የስምንት ሰው ሕይወት አጠፋ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ መሪዎቹን የጠሩት በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ ሕግ እንዲወጣ ነበር። ታዝማኒያና ኩዊንስላንድ አሻፈረን አሉ። ምክክሩ ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር የኒው ሳውዝ ዌልስ መሪ ባሪ አንስዎርዝ፣ በታዝማኒያ እልቂት እስኪደርስ ድረስ በአውስትራሊያ የጠመንጃ ሕግ አይሻሻልም ሲሉ በምሬት ተናገሩ።

አንስዎርዝ በራሳቸው ክፍለ ግዛት ሕጉን ለማጥበቅ ተነሡ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1988 ምርጫ ሥልጣናቸውን አጡ። ሽንፈታቸው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ፖለቲከኞቹ ግን ከዚያ ምርጫ የወሰዱት ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፦ ጠመንጃ የነካ ይሸነፋል። ቀጣዮቹን ስምንት ዓመታት ለመረዳት ይህን ፍርሃት ማወቅ ያስፈልጋል።

ችግሩ ከሕገ መንግሥቱም ይመነጫል። በ1901 ሥራ ላይ የዋለው የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት የፌዴራሉን ፓርላማ ሥልጣን አንድ በአንድ ሲዘረዝር ጠመንጃን አላነሳም። ያልተነሣው ሁሉ የክፍለ ግዛቶቹ ነው። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ የሚወጣውን ሕግ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 በግልጽ ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቶታል፤ ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ግን በእጁ የነበረው ጉምሩክ ብቻ ነው። ወደብ ላይ ማገድ ይችላል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ማን ይያዘው፣ የት ያስቀምጠው፣ ይመዝገብ አይመዝገብ የሚለውን የሚወስኑት ስድስቱ ክፍለ ግዛቶችና ሁለቱ ግዛቶች በየራሳቸው ነበሩ። ሁሉም የየራሱን ሕግ አወጣ። በአንዱ ክፍለ ግዛት የተመዘገበ ጠመንጃ ወሰን ሲሻገር መዝገብ አልባ ይሆናል። ታዝማኒያና ኩዊንስላንድ ረጃጅም ጠመንጃዎችን ጭራሽ አይመዘግቡም ነበር። ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርሰውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ሲድኒ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ በታዝማኒያ ዋና ከተማ ሆባርት ውስጥ ቀላል ነበር። እንዲህ ባለ አገር የሕጉ ጥንካሬ የሚለካው በላላው ክፍለ ግዛት ነው።

ይህ ሁሉ ተደብቆ የኖረ ምስጢር አልነበረም። ከሜልቦርን ግድያዎች በኋላ የተቋቋመው፣ የወንጀል ጥናት ምሁሩ ደንከን ቻፔል የመሩት ብሔራዊ የአመፅ ጉዳይ ኮሚቴ በ1990 ሪፖርቱን ሲያቀርብ በመላ አገሪቱ ወጥ የጠመንጃ ሕግ እንዲኖር መክሯል። በኦገስት 1991 በሲድኒ ስትራትፊልድ ሰፈር የገበያ ማዕከል ውስጥ ሰባት ሰው ሲገደል ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ የፖሊስ ሚኒስትሮች ደጋግመው ተሰበሰቡ፤ ርቤካ ፒተርስን የመሰሉ ተሟጋቾች የየክፍለ ግዛቱን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ እያነጻጸሩ ክፍተቱን አሳዩ። ይህን የማነሣው በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ትረካ ስለሚዘለው ነው። በትረካው መሠረት አውስትራሊያ በፖርት አርተር እልቂት አንድ ጊዜ ደነገጠችና በ12 ቀን ሕግ አወጣች። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። ሕጉ በ12 ቀን ጸደቀ እንጂ በ12 ቀን አልተጻፈም። የጎደለው የሚፈርምበት ሰው ነበር።

ፖርት አርተር በታዝማኒያ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በታዝማን ልሳነ ምድር የሚገኝ የጥንት የእስረኞች ሰፈር ነው፤ ዛሬ ጎብኚ የሚያዘወትረው የቅርስ ሥፍራ። እሑድ ኤፕሪል 28 ቀን 1996 እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ የ28 ዓመት ወጣት ብሮድ አሮው ወደሚባለው ካፌ ገብቶ ምሳውን በላ፤ ከዚያም ከቦርሳው ኤአር-15 የሚባለውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አወጣ። በካፌውና ከእሱ ጋር በተያያዘው የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ 20 ሰው የተገደለው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ገዳዩ በመኪና ማቆሚያው፣ በመንገዱና በአቅራቢያው ባለ የእንግዳ ማረፊያ ግድያውን ቀጠለ። የሞቱት 35 ደረሱ። ከእነሱ መካከል ከእናታቸው ጋር የተገደሉ የስድስትና የሦስት ዓመት እህትማማቾች ነበሩ። ገዳዩ የጠመንጃ ፈቃድ አልነበረውም። በወቅቱ የታዝማኒያ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው ይህንኑ መሣሪያ እንዲገዛ ይፈቅድ ስለነበር፣ ጠመንጃው በግልጽ ገበያ የሚዘዋወር ዕቃ ነበር፤ ምዝገባ ስላልነበረም ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ የሚናገር ወረቀት አልነበረም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ሥልጣን ከያዙ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ወግ አጥባቂ ናቸው፤ መንግሥታቸው የቆመው የገጠሩ ሕዝብ ፓርቲ ከሆነው ከናሽናል ፓርቲ ጋር በመጣመር ነበር። ሁኔታውን የለወጠው ይህ ይመስለኛል። ሕጉን ያቀረበው የከተማ ግራ ዘመም መንግሥት ቢሆን ኖሮ ገጠሩ በጠላትነት በቆመ ነበር። አሁን ግን የመከራከሪያው ሸክም ያረፈው በገጠሩ ፓርቲ መሪ፣ በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቲም ፊሸር ትከሻ ላይ ነው። ፊሸር ራሳቸው ገበሬና የቬትናም ዘማች ነበሩ። በየገጠር ከተማው አዳራሽ እየዞሩ የገዛ መራጮቻቸውን ቁጣ ፊት ለፊት ተቀበሉ። የኩዊንስላንዱ መሪ ሮብ ቦርቢጅም ከፓርቲያቸው መሠረት ጋር ተጋጭተው ተስማሙ። ሃዋርድ በበኩላቸው ክፍለ ግዛቶቹ እምቢ ካሉ ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርበው የሕገ መንግሥት ሥልጣን እንደሚጠይቁ አስታወቁ። የሕዝቡ ስሜት ከማን ጋር እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሜይ 10 ቀን 1996 የፖሊስ ሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ስምምነት የተባለውን ተቀበለ። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችና ፓምፕ ሾትገኖች ከጥቂት የሥራ ፍላጎቶች በስተቀር ታገዱ። ጠመንጃ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ባለቤቱ ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ መሣሪያው ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ግዥ ቢያንስ 28 ቀን እንዲጠበቅ ተወሰነ። ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ግን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ የሚያስገድደው አንቀጽ ነው፦ አደን፣ እርሻ፣ የኢላማ ስፖርት፣ ስብስብ። ራስን መከላከል በቂ ምክንያት አይደለም ተባለ። ጠመንጃን ለነፍሱ፣ ለከብቱና ለወሰኑ መጠበቂያ፣ የወንድነትም ምልክት አድርጎ የሚያይ የአገራችን ገበሬ ቢያነበው ከሁሉ የሚከብደው ይህ አንቀጽ ይመስለኛል። ለአውስትራሊያም ቀላል አልነበረም። ጠመንጃ መያዝ ከመብትነት ወጥቶ ምክንያት የሚጠየቅበት ፈቃድ የሆነው በዚህ አንቀጽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ለውጥ ሁሉ መሠረቱም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ መጣ። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት የሰውን ንብረት ሲወስድ ተገቢ ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል። ስለዚህ የታገዱትን መሣሪያዎች በገበያ ዋጋቸው መግዛት ግድ ሆነ። የጤና መድን መዋጮው ለአንድ ዓመት ከ1.5 ወደ 1.7 በመቶ ከፍ ብሎ ወጪው ተሸፈነ፤ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሠራተኛም ከደመወዙ ከፈለ። እስከ ሴፕቴምበር 1997 ድረስ ከ640 ሺህ በላይ ጠመንጃዎች ተገዝተው በመፍጫ ተፈጩ፤ ለባለቤቶቹ ከ300 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተከፈለ። በአገሪቱ ነበረ ተብሎ ከሚገመተው ጠመንጃ አንድ አምስተኛ ያህሉ ማለት ነው። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ ከ18 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። በሜልቦርን አውራ ጎዳና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጠመንጃ ባለቤቶች ተሰለፉ። ጁን 16 ቀን ሃዋርድ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሴል በምትባል ከተማ ለተሰበሰበ የተቆጣ ሕዝብ ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው ነበር፤ ኋላ ላይ ሰደርያውን በመልበሳቸው ተጸጽተዋል። የፖለቲካውን ዋጋ የከፈለው የገጠሩ ፓርቲ ነው። በጁን 1998 የኩዊንስላንድ ምርጫ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ዕድሜ የነበረው የፖሊን ሃንሰን ዋን ኔሽን ፓርቲ ሩብ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ድምፅ አግኝቶ 11 መቀመጫ ሲወስድ፣ ቦርቢጅ ከሥልጣን ወረዱ። የጠመንጃ ቁጣ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። እነ ፊሸርና ቦርቢጅ የሚከፍሉትን አውቀው ነው የፈረሙት፤ ታሪክ ጸሐፊ ይህን በስማቸው ሊመዘግብላቸው ይገባል።

ሕጉ ሠራ ወይስ አልሠራም? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ በጠመንጃ የሚሞተው ማን እንደነበር ማየት ያሻል። ከ1979 እስከ 1996 ባሉት 18 ዓመታት በአውስትራሊያ በዓመት በአማካይ 628 ያህል ሰው በጠመንጃ ይሞት ነበር። ከእነሱ ውስጥ 492ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በሌላ ሰው የተገደሉት 93 ያህል ብቻ ነበሩ። ሕጉን ያመጣው የካፌው እልቂት ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ ያገኘው ሞት በአብዛኛው ብቻውን መኝታ ቤቱ ወይም ጎተራው ውስጥ የሚሞት፣ ብዙ ጊዜም የገጠር ወንድ ነበር። ከ1997 እስከ 2003 አማካዩ ወደ 333 ወረደ፤ ራሱን በጠመንጃ የሚያጠፋው በዓመት ወደ 247፣ የሚገደለው ወደ 56 ዝቅ አለ። እነዚህን ቁጥሮች በ2006 ያሳተሙት በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ምሁር የሆኑት ሳይመን ቻፕማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ቁጥሩ መውረዱን ማንም አይክድም። ክርክሩ ሕጉ ባይኖርም ይወርድ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የጠመንጃ ሞት ከ1996 በፊትም እየቀነሰ ነበር። በ2007 ጃኒን ቤከርና ሳማራ ማክፌድራን፣ ሁለቱም ከጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበራት ጋር ግንኙነት የነበራቸው ተመራማሪዎች፣ የቀድሞውን ዝቅታ ወደ ፊት ስበው በማስላት ሕጉ በግድያ ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጣም አሉ። የሜልቦርኖቹ ዋንግ ሼንግ ሊና ሳንዲ ሱዋርዲም በሌላ የስሌት መንገድ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሱ። የማኅበር ግንኙነት አላቸው ብሎ ጥናታቸውን መጣል አይገባም፤ ቻፕማንም ከሕጉ በፊት ለዓመታት የሕጉ ተሟጋች ነበሩና። ይልቅ የክርክሩን ጉድለት ማየት ይሻላል። እየወረደ ያለ መስመር ወደ ፊት ሲሳብ የሆነ ቦታ ላይ ዜሮን ይነካል፤ መስመሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የትኛውም ሕግ ፋይዳ ቢስ ሆኖ መታየቱ አይቀርም። በዓመት ከመቶ በታች የሆነ የግድያ ቁጥር ደግሞ በራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚል የሕግን ውጤት ከአጋጣሚ ለመለየት አይመችም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ያገኙት ኢኮኖሚስቶቹ አንድሩ ሊይና ክሪስቲን ኒል ናቸው። አገሪቱን በጅምላ ከማየት ይልቅ ክፍለ ግዛቶቹን እርስ በርስ አነጻጸሩ። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ብዙ ጠመንጃ የተሰበሰበባቸው ክፍለ ግዛቶች ሞቱም ይበልጥ ቀንሶባቸዋል ወይ? በ2010 ያሳተሙት መልስ አዎን ነው፤ በተለይ ራስን በጠመንጃ ማጥፋት፤ በስሌታቸው በግዥው ምክንያት ወደ 80 በመቶ ወርዷል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ በጥንቃቄ ልይዘው እፈልጋለሁ። የማነጻጸሪያው ሐሳብ ግን ጠንካራ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት አጋጣሚ ጋርም በቀላሉ አይታረቅም። እዚህ ላይ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ጠመንጃ ያጣ ሰው ገመድ አላገኘምን? በ1990ዎቹ መጨረሻ በተለይ በወጣት ወንዶች ዘንድ በስቅላት መሞት ጨምሯል፤ ጭማሪው የጀመረው ግን ከሕጉ በፊት ነው። ከ1997 በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ በማናቸውም መንገድ ራስን የማጥፋት መጠን በአጠቃላይ ወረደ። መሣሪያው ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል የሚለው ግምት ይህን መዝገብ ሊያብራራ አይችልም።

በ2016 ቻፕማን፣ ፊሊፕ አልፐርስና ማይክል ጆንስ የ20 ዓመቱን ውጤት አሳተሙ። ከ1979 እስከ 1996 ከ100 ሺህ ሰው በአማካይ 3.6 ይሞት የነበረው ከ1997 እስከ 2013 ወደ 1.2 ወርዷል፤ በፊት በዓመት በ3 በመቶ ይቀንስ የነበረው አሁን በ4.9 በመቶ ሆኗል። ነገር ግን ያለ ጠመንጃ የሚፈጸመው ግድያና ራስን ማጥፋትም በዚያው ጊዜ ቅነሳው ፈጥኗል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ለውጡን በእርግጠኝነት ለሕጉ መስጠት አይቻልም ብለው ጻፉ። ዕድሜያቸውን ለዚህ ሕግ የሰጡ ሰው በገዛ ድላቸው ላይ እንዲህ ያለ ገደብ ማኖራቸው በዚህ መስክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ሐቀኝነት ነው፤ ጽሑፋቸውን የማምነውም ለዚህ ነው።

የጅምላ ግድያው መዝገብ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከ1979 እስከ 1996 ባሉት 18 ዓመታት ከአምስት ሰው ያላነሰ የተገደለባቸው 13 ጥቃቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለ22 ዓመታት ያህል አንድም አልደረሰም። በ2018 የታተመ ስሌት ይህ በአጋጣሚ የመሆኑን ዕድል ከ200 ሺህ አንድ አድርጎታል። መለኪያው አምስት መሆኑን ግን አንባቢ ልብ ይበል። ወደ አራት ዝቅ ቢል በ2014 ሎክሃርት በተባለች የገጠር ከተማ አቅራቢያ አንድ ገበሬ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የገደለበት ቀን ይገባል። በሜይ 2018 ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ኦስሚንግተን አንድ አያት በፈቃድ በያዛቸው ጠመንጃዎች ባለቤቱን፣ ልጁንና አራት የልጅ ልጆቹን ገድሎ ራሱን አጠፋ፤ የ22 ዓመቱ ዝምታ በዚያ ተሰበረ። ሕጉ ከአደባባይ ያራቀው ሞት በእርሻ ቤት ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሕጉ ለገበሬ ጠመንጃ ትቷል፤ ሊተውም ግድ ነበር።

ለዓመታት የሕጉ ተቺዎች ጠንካራ ማስረጃ ኒው ዚላንድ ነበረች። ጎረቤት ናት፤ ሕዝቡና ባህሉ ይመሳሰላል፤ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን እንደ አውስትራሊያ አላገደችም፤ ግን ከ1997 በኋላ የጅምላ ግድያ አልታየባትም። እነ ማክፌድራን በ2011 ይህን አሳይተው፣ የአውስትራሊያ ሰላም ከእገዳው የመጣ ነው ማለት አይቻልም ብለው ተከራከሩ። በዚያን ቀን በነበረው መዝገብ ክርክሩ የሚናቅ አልነበረም። ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰው ተገደለ። ገዳዩ አውስትራሊያዊ ነው። ወደ ኒው ዚላንድ ሄዶ፣ በዚያ አገር ሕግ ፈቃድ አውጥቶ፣ በአገሩ የታገደውን ዓይነት መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ገዛ። አንድ ወር ሳይሞላ የኒው ዚላንድ ፓርላማ በ119 ድምፅ ለ1 እገዳውን አጸደቀ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የጠመንጃ ሕግን ለመመዘን አጭር ጊዜ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ጉዳይ አላውቅም።

ሕጉ በአገሩ ውስጥ ምን ሆነ? በ2002 በሜልቦርን ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በሽጉጥ ሁለት ተማሪዎችን ገደለ፤ ሽጉጦቹ በኢላማ ስፖርት ስም በፈቃድ የያዛቸው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሽጉጦች ገዛ። በ2017 ሦስት ወር የቆየ ምሕረት ሲታወጅ 57,324 መሣሪያዎች ያለ ክፍያ ተመለሱ። እነዚህ የሚታዩት እርምጃዎች ናቸው። በማይታየው በኩል ስምምነቱ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲሸረሸር ቆይቷል። ክፍለ ግዛቶቹ ፈርመው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በየምክር ቤታቸው ደንቦቹን አንድ በአንድ አላሉ፤ አንድ ጠመንጃ ያለው ሰው ሁለተኛውን ሲገዛ የ28 ቀኑን ጥበቃ ያነሱለት አሉ፤ ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ ፈቃድ የሚሰጡም አሉ። አልፐርስና ባልደረባቸው በ2017 ሕጎቹን መርምረው ስምምነቱን በሙሉ የፈጸመ አንድም ክፍለ ግዛት አላገኙም። የፌዴራሉ መንግሥት ይህን የሚያስገድድበት ሥልጣን አሁንም የለውም።

ጠመንጃውም ተመልሷል። ዛሬ በአገሪቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ የተመዘገበ ጠመንጃ አለ፤ በ1996 ከነበረው ይበልጣል። ሕዝቡም ጨምሯልና በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ጠመንጃ ያለው ሰው ድርሻም በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያም ማለት ጥቂት ሰዎች ብዙ ብዙ ጠመንጃ ይዘዋል። የ1996ቱ ስምምነት አንድ ሰው ስንት ጠመንጃ ሊይዝ እንደሚችል ወሰን አላኖረም፤ በቂ ምክንያት ያቀረበ ሰው ደጋግሞ ማቅረብ ይችላል። ከክፍለ ግዛቶቹ መጀመሪያ ቁጥሩን በሕግ የወሰነችው ምዕራብ አውስትራሊያ ስትሆን፣ እሱም በ2025 ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ዲሴምበር 14 ቀን 2025 በሲድኒ ቦንዳይ የባሕር ዳርቻ ይሁዲዎች የሐኑካን በዓል ሲያከብሩ አባትና ልጅ ተኩስ ከፍተው 15 ሰው ገደሉ። ከፖርት አርተር ወዲህ ይህን ያህል ሰው በጠመንጃ አልተገደለም። አባትየው ፈቃድ ያለው ሰው ነበር፤ በስሙ ስድስት ጠመንጃዎች ተመዝግበዋል። ሕጉ ተጥሶ ሳይሆን ተከብሮ የተገኙ መሣሪያዎች ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዚ በቀናት ውስጥ ከ1996 ወዲህ ትልቁን የጠመንጃ ግዥ አስታወቁ፤ ኒው ሳውዝ ዌልስም ተራው ባለ ፈቃድ ከአራት በላይ እንዳይዝ የሚያግድ ሕግ አወጣች። ከቦንዳይ በመነሣት የ1996ቱ ሕግ ከሽፏል የሚል አለ። እኔ መዝገቡን እንደማነበው ሕጉ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ሠርቷል፤ ያልሠራው ሳይጻፍ በቀረበትና ተጽፎ ሳይፈጸም በቀረበት ቦታ ነው። ኤአር-15 ዓይነቱ ጠመንጃ ከአገሪቱ ገበያ ወጥቷል፤ ራሱን በጠመንጃ የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ከ640 ሺህ በላይ ጠመንጃ ከመሰብሰቡ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም፤ የቁጥር ወሰንና የጋራ መዝገብ ግን አልነበሩም።

ስለ መዝገቡ አንድ ነገር ልጨምር። በሜይ 1996 ሚኒስትሮቹ ከተስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ በመላ አገሪቱ ተሳስሮ የሚሠራ የጠመንጃ ምዝገባ ነበር። ስምንቱ መዝገቦች ግን ለየብቻ ቀሩ፤ አንዳንዱ ገና በወረቀት የሚሠራ ነበር። በዲሴምበር 2022 በኩዊንስላንድ ዊያምቢላ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ጎረቤት አድፍጠው በጠበቋቸው ሰዎች ሲገደሉ ጉዳዩ እንደገና ተነሣ፤ መሪዎቹ በዲሴምበር 2023 አንድ ብሔራዊ መዝገብ ለማቋቋም ተስማሙ። ሥራውን ጨርሶ እንዲያስረክብ የተቆረጠለት ጊዜ የ2028 አጋማሽ ነበር፤ ከቦንዳይ በኋላ መሪዎቹ ይፋጠን ብለዋል።